እናት ስትሞት የሚወጣው ጉድ፦ የካሪቢያን ዲያስፖራ ልብ ወለዶች ለምን ይመሳሰላሉ?

ሰሞኑን የካሪቢያን ልብ ወለድ ይዞኛል። ደሴቶቹ ላይ የተወለዱ፣ ወይም ከዚያ ከመጡ ወላጆች ለንደንና ኒውዮርክ ውስጥ የተወለዱ ደራስያን የጻፉትን ማለቴ ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንሳይኛ። ታሪኩ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገጥማል። እናት ወይም አያት የሆነ ነገር ደብቃለች። ልጅቷ ሰው አገር አድጋ፣ ትልቅ ሰው ሆና ትደርስበታለች። ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ደሴቷ።

የቻርሜይን ዊልከርሰንን «ብላክ ኬክ» (2022) ውሰዱ። እናትየው ካሊፎርኒያ ውስጥ ትሞታለች። ለሁለት ልጆቿ ትታ የሄደችው ጠበቃ ዘንድ ያስቀመጠችው የድምፅ ቅጂና ፍሪዘር ውስጥ ያለ ኬክ ነው። ቅጂው ሲከፈት እናታቸው ሌላ ስም ነበራት። ሌላ ልጅም ወልዳ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይሄ የገበያ ብልሃት ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። እነዚህ ቤተሰቦች ከእናት አፍ ሌላ መዝገብ የላቸውም። እናት ዝም ካለች የሚጠየቅ ማንም የለም። ስለዚህ የእናት ዝምታ እዚያ ከሌላው አገር ይከብዳል። ደግሞ የምወዳቸው ምስጢሩን መጨረሻ ላይ የማይፈቱትን መጻሕፍት ነው። እናንተስ?

መድረኩ ላይ ይህን ነበር የጻፍኩት። የመልሶቹ ክር ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀል መልሶቹን በተራ ቁጥር፣ በራሴ አባባል አስቀምጫቸዋለሁ። መሃል መሃል የራሴን ጣል አደርጋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። ቶሮንቶ የምትኖር አባል በትሕትና ተስማማች። የአንድሪያ ሌቪን «ፍሩት ኦፍ ዘ ለመን» (1999) አነሳች። ፌይዝ ለንደን ያደገች ልጅ ናት። ወላጆቿ ስለ ጃማይካ ብዙም አያወሩላትም። ኑሮው ሲሰብራት ጃማይካ አክስቷ ጋ ይልኳታል። አክስትየው ቁጭ አድርጋ የዘመዱን ሁሉ ታሪክ ታወራላታለች። አባሏ የወደደችው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የዘር ሐረግ ሥዕል ነው። በየወሬው ልክ ቅርንጫፍ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ጥቂት ስም ብቻ ነው ያለው፤ ወደ መጨረሻው ገጹ ይጠባል።

መልስ 2። አንዱ ደሙ ፈላ። «ብላክ ኬክ»ን ገና እያነበበ ኖሯል። ሦስተኛ ልጅ መኖሩን ከእኔ መስማቱ አናዶታል። የድምፅ ቅጂው ነገር መጽሐፉ ሲጀምር የሚመጣ ነው፤ ተከታታይ ፊልም ሆኖም በ2023 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ንዴቱ ይገባኛል። ከዚህ በታች ገና ብዙ መጻሕፍት ሆዳቸው ይዘረገፋል፤ የማይፈልግ እዚህ ጋ ያቁም።

መልስ 3። ውጭ አገር በመጽሐፍ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ የሚል ሰው ነው። የእኔን ሐሳብ የዋህነት ነው አለው። እንደሱ አባባል አሳታሚ የሚፈልገው ዝግጁ ቅርጽ ነው፦ የሞተች አያት፣ የተቆለፈ ሣጥን፣ የምግብ አሠራር፣ የአውሮፕላን ቲኬት። ደሴቷን ቀይረህ ሌላ አገር ብታስገባበት መጽሐፉ ያው ነው። የቤተሰብ ምስጢር ደግሞ የየትኛውም ሕዝብ ልብ ወለድ ውስጥ አለ። በዚህ የመጨረሻው ላይ ልክ ነው። የቀረውን መልስ 4 ወሰደው።

መልስ 4። ስለ መዛግብት ብዙ ያነበበ ሰው ነው፤ ረጅም ጽፏል። ለሦስተኛው መልስ ነው የመለሰው፣ በእርጋታ። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 አገደች። ባሪያነቱ ግን ቀጠለ። አዲስ ሰው በድብቅ እንዳይገባ ተብሎ በየቅኝ ግዛቱ የባሪያ መዝገብ ተከፈተ፤ ትሪኒዳድ በ1813፣ ጃማይካ በ1817። የብዙዎቹን ገጽ ብትከፍት የምታገኘው ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የቆዳ ቀለም፣ አፍሪካ ተወለደ ወይስ እዚያው የሚል ነው። አንዳንዴ የእናት ስም አለ። አባት አይጠየቅም። ሕጉ ልጅን እናቲቱን በባርነት ለያዛት ጌታ ነበር የሚሰጠው። አባት ማንም ይሁን ማን ለውጥ አያመጣም፤ ራሱ ጌታዋ ቢሆን እንኳ።

ከዚያ ነጻነቱ መጣ፣ ነሐሴ 1834። ካሣ ተከፈለ፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለባሪያ ባለቤቶቹ። ለተገዙት አንድ ሳንቲም የለም። ማን ስንት ሰው እንደነበረውና ስንት ፓውንድ እንደተቀበለ ግን ቁልጭ ተደርጎ ተጽፏል። ዛሬ የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባዘጋጀው የመረጃ ቋት ማንም ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል። ጸሐፊው የደመደመው እዚህ ላይ ነው፦ የባለቤቱ ልጅ ልጆች ከነደረሰኙ ያገኙታል፤ የተገዛችው ሴት ልጅ ልጆች ግን አንድ ስምና ግምታዊ ዕድሜ ብቻ። ይሄን ባዶ የሚሞላ ሰው ልብ ወለድ ይጽፋል።

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው።

መልስ 5። የቶሮንቶዋ ተመለሰች። የጃማይካ ኪንኬድን «ሚስተር ፖተር» (2002) ጨመረችበት። ጃማይካ የደራሲዋ ስም ነው፤ እሷ አንቲጓ የተወለደች ናት፣ አሜሪካ ነው የኖረችው። ፖተር ማንበብና መጻፍ የማይችል ሾፌር ነው። ተራኪዋ ልጁ ናት፣ እሱ ግን አላሳደጋትም። የልደት ወረቀቷ ላይ የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ መስመር ተሰምሮበታል። መስመሩ አባትየውም የወረሰው ነው፤ የእሱም ወረቀት እንዲሁ ነበር። አባሏ ይሄን ከመልስ 4 ጋር አገናኘችው። ባርነቱ ከቆመ መቶ ዓመት አልፎም ያ ባዶ ቦታ ወረቀቱ ላይ አለ።

መልስ 6። እርማት። ካሪቢያን ማለት የአፍሪካ ልጆች ብቻ አይደለም አለ ይሄኛው። ከባርነቱ በኋላ ለሸንኮራ እርሻው የኮንትራት ሠራተኛ ከሕንድ መጣ። ጉያና ከ1838፣ ትሪኒዳድ ከ1845 ጀምሮ። ትሪኒዳድ ብቻ ከ140 ሺህ በላይ ገብቷል። እነዚህ ሰዎች የጉዞ ወረቀት ነበራቸው፤ የአባት ስም፣ መንደር፣ ጎሣ፣ ቁመት፣ ሰውነት ላይ ያለ ጠባሳ ሳይቀር። ስለዚህ መዝገብ የለም ብሎ መጠቅለል ስሕተት ነው።

ግን ቀጥሎ የጻፈው የበለጠ ያዘኝ። መዝገቡ ኖሮም ቤተሰቡ ደብቋል። ብዙ ሴቶች ያለ ባል ብቻቸውን ነው መርከብ የተሳፈሩት። ባሏ የሞተባት፣ ከባል የሸሸች፣ ቤተሰብ ያባረራት። ልጅ ልጆች ሲደርሱ አያት በክብር ከባሏ ጋር የመጣች ሆና ትተረካለች። ወረቀቱ ሲወጣ ወሬው ይፈርሳል። እንግዲህ የእኔ ሐሳብ በዚህ በኩል ቀዳዳ አለው። ዝምታው ሁልጊዜ ከመዝገብ እጦት አይመጣም፤ አንዳንዴ መዝገቡን ለመቅበር ነው።

መልስ 7። ለንደን ያለ ሰው፣ አጭርና መራራ። «ኢምፓየር ዊንድረሽ» የምትባለው መርከብ ከካሪቢያን ያመጣቻቸውን ሰዎች እንግሊዝ፣ ቲልበሪ ወደብ ያወረደችው ሰኔ 22 ቀን 1948 ነው። በዚያ ዘመን የመጡ ሰዎች የመግቢያ ካርድ በመንግሥት ቤት ተቀምጦ ነበር። በ2010 ተወገደ። በኋላ እነዚያው ሰዎች መቼ እንደገባችሁ አስረዱ ተባሉ። በ2018 ጉዱ ወጣ። ሥራ ያጡ፣ ከአገር የተባረሩ ነበሩ። ሰውየው ያለው ይሄንን ነው፦ መዝገብ ጠፋ ስትሉ የድሮ ዘመን አታስመስሉት።

መልስ 8። የአንድሪያ ሌቪ «ስሞል አይላንድ» (2004) መነሳቱ አይቀርም ነበር፣ ተነሳ። ነጯ ኩዊኒ ከአንድ የጃማይካ ወታደር የወለደችውን ሕፃን ለጃማይካዎቹ ባልና ሚስት ለጊልበርትና ለሆርቴንስ ትሰጣለች። አባትየው ከሆርቴንስ ጋር አብሮ ያደገ፣ የምትወደው ዘመዷ ነው። እሷ አታውቅም። ኩዊኒም አታውቅም። የምናውቀው እኛ አንባቢዎቹ ብቻ ነን። መልሱን የጻፈችው አባል መጽሐፉን ዘግታ ለሆርቴንስ ስልክ መደወል አማረኝ አለች። ሳቅሁ፣ ግን እውነቷን ነው። ምስጢሩ ተፈቶ አልተፈታም፤ ደራሲዋ ለእኛ አሸክማን ሄደች።

መልስ 9። እዚህ ጋ ነገሩ ወደ እኛ ዞረ። አንዱ ኩራት ተሰማው። እኛ ሐበሾች እንዲህ ዓይነት ልብ ወለድ አያስፈልገንም ብሎ ጀመረ። ልጅ ሲባል ከሕፃንነቱ አያት ቅድመ አያቱን ይቆጥራል፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይጣራል። የጠፋ ዘር የለንም።

መልስ 10። ይቺ ሴትዮ አላዘነችለትም። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው የተፈለገው ብቻ ነው አለች። ባርነት እኛም ቤት ነበር። በአዋጅ የታገደው በ1942 ነው፤ ያኔ የነበረ ሰው ልጅ ዛሬም በሕይወት አለ። ስንቱ ቤት ነው የአንዷን አያት ስም ሲደርስ በፍጥነት የሚያልፈው? ስንቱ ጋብቻ ነው ሽማግሌ አጣርቶ፣ ምክንያቱ ሳይነገር የፈረሰው? በራሷ ቤተሰብ የአንዲት ሴት ስም ሲጠራ ትልልቆቹ ወሬ ይቀይሩ እንደነበር ጻፈች። ማን እንደነበረች የነገራት የለም። ለቅሶ ቤት የሥጋ ዘመድ ሳትባል የምትቀመጥ፣ ልጆቹን ሁሉ ያሳደገች ሴት።

መልስ 11። ዘጠነኛው ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቶ። የራስን ገመና ፈረንጅ መጽሐፍ ሥር ማውጣት ነውር ነው ዓይነት ነገር። ሌሎች ሁለት ሰዎች ገቡበት፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ። ብዙ አላነሳውም፣ ስድብ ስለነበረበት ተሰርዟል። በእኔ በኩል ከአሥረኛዋ ጋር ነኝ። ደግሞ ደራስያኑ ፈረንጅ አይደሉም።

መልስ 12። ከአትላንታ። የኤድዊጅ ዳንቲካን «ዘ ዲው ብሬከር» (2004) ያላነበበ በዚህ ክር ላይ መናገር የለበትም ብሎ ነው የጀመረው። ትንሽ ይኮራል፣ ግን የሚያወራውን ያውቃል። ዳንቲካ ፖርቶፕራንስ ተወልዳ በ12 ዓመቷ ኒውዮርክ የገባች የሄይቲ ልጅ ናት። መጽሐፉ ሲከፈት ቀራፂዋ ልጅ አባቷን በእንጨት ቀርፃዋለች፤ በእስር ቤት የማቀቀ ሰው አድርጋ። እንደዚያ ነው ያሳደጓት። ፊቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ ከእስር ቤት ነው ይሏታል። ቅርፁን ለገዢ ለማድረስ ፍሎሪዳ አብረው ይሄዳሉ። አባትየው ቅርፁን ይዞ ይጠፋና ሐይቅ ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ ይነግራታል። እሱ ታሳሪ አልነበረም። ገራፊው ነበር። የሄይቲው አምባገነን የዱቫሊየር ሰው። ጠባሳውን የተወበት እሱ ሊገድለው የያዘው አንድ እስረኛ ነው። አሁን ብሩክሊን ውስጥ ፀጉር ያስተካክላል።

ከዚያ ሰውየው የሚኖርበትን ከተማ ጉዳይ አነሳ። አትላንታ ውስጥ አንድ ሆቴል የምትሠራ ኢትዮጵያዊት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ያሠቃያትን ሰው እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ አገኘችው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ከፍተኛ ሊቀ መንበር የነበረ ነው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደ። ሰውየው የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጥቆ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የአትላንታው አባል የጠየቀው ግን ስለ እሱ አልነበረም። ያልተያዙት አባቶችስ? ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ፣ ያኔ የት ነበርክ ሲባል እስር ቤት ብሎ የሚመልስ የለም ወይ?

ከዚህ መልስ በኋላ ለሰዓታት ማንም አልጻፈም።

መልስ 13። ዝምታውን የሰበረው ሻሸመኔ ያደገ ልጅ ነው። እግዜር ይስጠው። ቤታቸው ጃማይካ ሰፈር አጠገብ ነበር። መሬቱ ከንጉሡ የተሰጠው በ1948 ነው፤ ጃንሆይ ራሳቸው ኪንግስተን የወረዱት ሚያዝያ 21 ቀን 1966። ጎረቤታቸው የነበሩ እናት ለገና ጥቁር ኬክ ይጋግሩ ነበር። ሮም የሚባለው የሸንኮራ መጠጥ ስለማይገኝ ዘቢቡን አረቄ ውስጥ ነበር የሚዘፈዝፉት፤ ያውም ክዳኑ በላስቲክ በታሰረ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ አልጋ ሥር። ስኳሩን ድስት ላይ እስኪጠቁር ያቃጥሉታል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያስላል። ለልጁ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነበር። የአያቶችህን ስም ቁጠርልኝ ይሉታል። እሱ ሲቆጥር ይሰማሉ። ሲጨርስ ድገመው ይሉታል። የራሳቸውን ጠይቋቸው እንደሆነ አልጻፈም። በክሩ ላይ አንዷ ጠየቀችው፣ እስካሁን አልመለሰም።

መልስ 14፣ 15 እና 16። ስለ ኬክ። አረቄ ይበቃል ወይስ ጠጅ ይሻላል፣ ዘቢቡ ስንት ወር ይቆይ፣ ስኳሩ ሲያርር ውሃው መቼ ይገባል። አንዱ ድስቱን አሳርሮ ፎቶ ለጠፈ። ክሩ የምግብ ገጽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

መልስ 17። መልስ 3 የጻፈው ሰው ተመለሰ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። የመዝገቡን ነገር ተቀበለ። ነገር ግን ሙግቱን አልተወም። ምክንያቱ እውነት ቢሆንም ቅርጹ ደክሟል አለ። የፖል ማርሻልን «ፕሬይዝሶንግ ፎር ዘ ዊዶው» (1983) የተሻለ መንገድ ብሎ አመጣ። ኤቪ ጆንሰን ኑሮዋ የተደላደለ የኒውዮርክ መበለት ናት። ከመዝናኛ መርከብ ወርዳ ግሬናዳ ትቀራለች። አንድ ሽማግሌ ካሪያኩ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ይወስዳታል። እዚያ በትልቁ ከበሮ እያንዳንዱ በየነገዱ ተነስቶ ይጨፍራል፤ ማንዲንጉ ለብቻ፣ ኢግቦው ለብቻ። ሽማግሌው ነገድሽ ማን ነው ይላታል። አታውቅም። ማንም የደበቃት የለም፣ የተቀበረ ደብዳቤም የለም። እግሯ ግን በልጅነቷ ያየችውን እርምጃ ያስታውሳል፣ ክቡ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ሰው ወዲያው ኤቪ አሜሪካዊት ናት፣ የካሪቢያን ልጅ አይደለችም ብሎ አረመው። ትክክል ነው። ደራሲዋ ግን ብሩክሊን ውስጥ ከባርቤዶስ ሰዎች የተወለደች ናት። በዚህ ላይ ትንሽ ተነታረኩ።

መልስ 18። እኔ ነኝ። ምስጢሩን የማይፈታ መጽሐፍ ያልኩት የማሪዝ ኮንዴን «ዴዚራዳ» (1997) ነው። ኮንዴ የጓድሉፕ ደሴት ሰው ናት፣ በ2024 ነው ያረፈችው። ማሪ ኖኤልን እናቷ ደሴቷ ላይ ትታት ወደ ፈረንሳይ ትሄዳለች። ልጅቷ የምትወዳት አሳዳጊ አላት። በኋላ እናትየው ታስመጣታለች፤ ፍቅር ግን የለም። አባቴ ማን ነው? እናት አንድ ታሪክ አላት፤ ተደፍሬ ነው ትላለች። ልጅቷ አያቷ ጋ፣ ላ ዴዚራድ የምትባል ትንሽ ደሴት ድረስ ትሄዳለች። አያት ሌላ ታሪክ ትነግራታለች፣ እናትሽ ዋሽታለች ትላታለች። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ምስክር የለም። መጽሐፉ ያልቃል፣ አባቷ አይታወቅም። ይሄ ነው ታማኙ አካሄድ ብዬ ጻፍኩ፤ ልጅቷ ያለ መልስ መኖርን ትማራለች።

መልስ 19። ይቺኛዋ በክሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፈችው። እሷ ልጅ ሳለች እናቷ አረብ አገር ሄዳለች። አያቷ ጋ ነው ያደገችው። አባቷን እስካሁን አታውቅም፤ እናቷ በስልክ ስትጠየቅ መስመሩ መጥፎ ነው ብላ ትዘጋለች። አያቷ ሌላ ነገር ትላለች። «ዴዚራዳ»ን ስላላነበበች የምታውቀው ከእኔ ጽሑፍ ነው። እናም የማይፈታ ምስጢር ደስ የሚለው አባቱን ለሚያውቅ ሰው ነው አለችኝ። እሷ የምትፈልገው «ብላክ ኬክ»ን ነው፤ እናት ስሙንም፣ ቦታውንም፣ ዓመቱንም ቁጭ ብላ በድምፅ ቀድታ የምትሄድበትን። የገበያ ቅርጽም ቢሆን ግድ የላትም።

መልስ 20። ኮንዴ ለምን ያንን መንገድ እንደመረጠች ይገባኛል፤ መጽሐፉንም አሁንም ከሁሉም አስበልጣለሁ። ታማኙ አካሄድ ይሄ ብቻ ነው ያልኩትን ግን ለእሷ አልደግመውም። «ብላክ ኬክ» በድምፅ የተነበበም አለ፤ ስልኳ ላይ እያደረገች መስማት ትችላለች። ይህንኑ ጻፍኩላት። እናቴ ጋ ስደውል አብረን እንሰማዋለን ብላ መለሰች፣ መስመሩ ከቆየ።